ሰማያዊዋ ባለ 1 ግርሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ የደሴ ብርድም እንደምታውቂው ነው።

ለዒድ መጥተሽ ሳለ የቴምብር ደብተሬን ገልጠሽ «አባባ፣ ይቺ ሰማያዊዋ ስንት ታወጣለች?» ብትዪኝ በችኮላ «ብዙም አታወጣም» ብዬሽ ነበር። መልሱ እውነት ቢሆንም ጎዶሎ ስለ ነበር እስከ ዛሬ ሲከነክነኝ ሰንብቷል።

ያቺ ባለ 1 ግርሽ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ስለ ፖስታ ባወጡት ትእዛዝ መሠረት ፓሪስ ታትመው በ1887 ዓ.ም. አገልግሎት ላይ ከዋሉት 7 የመጀመሪያ ቴምብሮቻችን አንዷ ናት። ቅርጿን የሠራው ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ቀራጭ ነው። ሩብ፣ ግማሽ፣ 1 እና 2 ግርሾቹ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሾቹ የይሁዳን አንበሳ ይዘዋል፤ 16 ግርሽ በዚያ ዘመን አንድ ሙሉ ብር ነበር። በመስኮቱ ብርሃን በአጉሊ መነጽር ብታያት የንጉሡ ፊት ከፀጉር በቀጠኑ መስመሮች ተሠርቶ ታገኚዋለሽ፤ የአገሯ ስምና ዋጋዋም የተጻፈው በራሳችን ፊደል ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ጊዜዋ ነው። ወደ ወልድያ ስትሄጂ ሐይቅን አልፈሽ በምታገኚያት በውጫሌ ከኢጣሊያ ጋር በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል፣ በ17ኛው አንቀጹ፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በማን በኩል ትላላካለች የሚለውን ይመለከት ነበር፤ የአማርኛው ቅጂ በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላል» ሲል የጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ጦርነቱ ዐድዋ ላይ ከመለየቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም የገዛ ፊታቸው ያለበት ቴምብር በደብዳቤ ላይ ተለጠፈ። መልእክቴን የምልከው እኔው ነኝ ማለት ከዚህ ወዲያ እንዴት ይነገራል?

ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ገና የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች የቴምብሯ ኃይል ጅቡቲ ላይ ያበቃ ነበር፤ ደብዳቤው ባሕር እንዲሻገር የፈረንሳዮቹ የጅቡቲ ቴምብር ይጨመርበታል። በ1893 ዓ.ም. በእነዚሁ ቴምብሮቻችን ላይ በሐምራዊ ቀለም «ኤትዮፒ»፣ በፈረንሳይኛ ኢትዮጵያ ማለት ነው፣ የሚል የላቲን ጽሕፈት ታተመባቸው፤ በማግሥቱ ዓመት «ቦስታ»፣ ማለትም ፖስታ፣ የሚለው ቃል ተከተለ፤ አያትሽ እስከ መጨረሻዋ «ቦስታ መጣ ወይ?» ትል የነበረውን ታስታውሺ ይሆናል። ወደ ኅብረቱ የገባነው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው።

የሰማያዊዋ ዋጋ ያነሰው ደብዳቤ ሳይሸኙ በቀጥታ ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች የተሸጡት ብዙ በመሆናቸው ነው። የሚፈለገው ቴምብሩ የተለጠፈበት የደብዳቤ ፖስታ ከነማኅተሙ ሲገኝ ነው። እኔ በጎረምሳነቴ የእኛና የጅቡቲው ቴምብር ጎን ለጎን የተለጠፉበትን አንድ ፖስታ አግኝቼ፣ ያወቅሁ መስሎኝ ውኃ ውስጥ ነክሬ ቴምብሮቹን ላጥሁና ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጣልሁት። ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ የሚናገረው ማኅተም አብሮ ነደደ፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ከአያትሽ ሣጥን የወሰድሻቸውን አሮጌ ደብዳቤዎች ቴምብራቸውን አትላጪ፣ ጠርዛቸውንም በመቀስ አትንኪ። በደረቅ ወረቀት ጠቅልለሽ፣ ስትመጪ እንዳሉ ይዘሽልኝ ነይ።

ዱዓው የማይለይሽ አባትሽ፤
ደሴ