አቀበቱ አይደለም ያስቸገረን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በከተማችን ስለተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ አንድ አስተያየት ሰጪ «አዲስ አበባ ዳገት ስለሚበዛባት ለብስክሌት አትመችም» ማለታቸውን አንብቤ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የመንገድ ቀያሽ ነኝ፤ የምኖረው ግንፍሌ ነው። ዕድሜዬን አቀበትና ቁልቁለት ስለካ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ እሑድ እሑድ በሳይክል ዳገት ስለምወጣ፣ ይህ አባባል ሲደጋገም ዝም ማለት አቃተኝ።

ዳገት ብስክሌትን ከልክሎ አያውቅም። የአስመራ ከፍታ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። እዚያ ተወልዶ ያደገው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ ለነጥብ አሸናፊ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ይዞ ተመልሷል። ኪጋሊ ከላይ እስከ ታች ኮረብታ ናት፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ሲመጣ ያረፈው እሷ ዘንድ ነው። የእኛው ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ወደ ኋላ እንሂድ ከተባለም፣ አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ኦሊምፒክን ስትጀምር ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም አሰልፋ ነበር። እነዚህ ሁሉ ሜዳ ላይ የበቀሉ አይደሉም።

እንጦጦን ልውሰድ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከስድስት ኪሎ ተነሥቼ ሽሮ ሜዳን ሳልፍ የሸማ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ከአሜሪካ ኤምባሲ በላይ ዳገቱ ይጠነክራል፤ ማርሹን ወደ መጨረሻው ቀላል አውርዶ ትንፋሽን እየቆጠቡ መሄድ ነው። ባሕር ዛፉ ይሸታል፤ ከላይ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች «አይዞህ አባቴ» ይሉኛል፤ ሸክሙ የእነሱ ሆኖ ማበረታቻው ለእኔ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳፍረኛል። ማርያም ደጅ ስደርስ ተሳልሜ ጥቂት አርፋለሁ። ለመውረድ ስነሣ ጋዜጣችሁን አጣጥፌ ከሹራቤ ስር ደረቴ ላይ አደርጋለሁ። ነፋስ ለማገድ ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም፤ አዘጋጁ ቅር አይበላቸው፣ አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ያው መንገድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ሌላ መንገድ ነው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እሑድ ዕለት ወደ ላይ የሚወጣው መኪና በዝቷል። በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ አሮጌ ሚኒባስ ጭሱን የሚለቀው ልክ ፊታችን ላይ ነው። ተዳፋቱ ያው፣ ጉልበቴም ያው ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያው ሰዓት የምወጣውን ዳገት በሁለተኛው ቆሜ እያሳልኩ እጨርሰዋለሁ። እንግዲህ ያላመቸው መልክዓ ምድሩ ነው ወይስ ሌላ?

ከከተማው ውጭ ደግሞ ጸጥ ያለ የተራራ መንገድ ሞልቶናል። ከአምቦ ተነሥቶ በወንጪ አድርጎ ወሊሶ የሚወርደውን መንገድ አስቡት፤ ከ2,100 ሜትር አካባቢ ተነሥተው ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተው፣ ሐይቁን ከአፋፍ አይተው በሌላው በኩል ይወርዳሉ። ከሙከጡሪ ወደ ቀኝ ታጥፎ በለሚ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ፣ ከዚያም ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደውም አለ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ጠጠር ነበር። ከገደሉ አፋፍ ከሺህ ሜትር በላይ ሲወርዱ አብረዋችሁ የሚሄዱት ጭላዳዎችና ከብት የሚያግዱ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ለጀማሪ አንድ ነገር ልንገር። በሌላው ዓለም ስለ ተራራ ብስክሌት ሲወራ መጀመሪያ ወጥቶ በመጨረሻ መውረድ ነው። የእኛ አገር ሸለቆ የተገላቢጦሽ ነው፤ በጠዋት ብርዱ እየወረዱ ይዝናናሉ፣ አቀበቱ በቀትር ታች ቆላ ላይ ይጠብቃል። ዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ወደ 1,400 ሜትር ወርዶ፣ በደጀን በኩል ያንኑ ያህል ያስወጣል። ስለዚህ ውኃ ሲወርዱ መቆጠብ ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬን ይዞ መክረም አይገባም፤ በጎማ ፍሬን የሚቆም ሳይክል ቸርኬው ግሎ ከመነዳሪውን ያፈነዳዋል። ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ፣ ከዚያ ለቀቅ፤ እጅ ሲዝል ቆሞ ማሳረፍ። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ደብረ ሲና ላይ ያገኘሁት የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌን ከዋና መንገድ ለማገናኘት የተሠሩት ጠጠር መንገዶችም አሉ። እኛ ቀያሾች ስናሰምራቸው ያሰብነው ማዳበሪያና አምቡላንስ ነበር። ዛሬ ግን ከነፍሰ ጡር፣ ከአህያና ከገበያተኛ ሌላ የማይመላለስባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። የጸጥታው ሁኔታ ስላለ ዛሬ ተነሥታችሁ ሂዱ አልልም፤ በየአካባቢው ጠይቆ፣ ሰላሙን አረጋግጦ ነው።

ሰላም ሲሆንም ግን እዚያ መድረስ ፈተና ነው። ከአዲሱ ገበያ እስከ ሱሉልታ ያለውን ዳገት ከገልባጭና ከቅጥቅጥ ጋር እየተጋፉ መውጣት ለሕይወት ስለሚያሰጋ፣ እኔና ጓደኞቼ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ እንጭናለን። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ጫኝና አውራጁ መጀመሪያ ሳይክሉን፣ ቀጥሎ ፊታችንን አይቶ ዋጋ ይተምናል። ፖርቶመጋላ ላይ ተወጥቶ በሲባጎ ሲታሰር ካቴናው ወደ ላይ እንዲሆን ለምነን፣ ከጎኑ የታሰረው በግ ፔዳሉን እንዳይረግጥ ካርቶን ሸጉጠን እንጓዛለን። ጸጥታ ፍለጋ በጩኸት ነው የሚጀመረው።

የእህቴ ልጅ ስዊዘርላንድ ስላለች ልጠይቃት በሄድኩ ጊዜ ጎታርድ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ በር አሳየችኝ። የመኪናው ብዛት እ.ኤ.አ. በ1980 በተከፈተው ወደ 17 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ያልፋል። ከአይሮሎ ወደ 2,106 ሜትር የሚወጣው፣ ትሬሞላ የሚባለው የድሮ መንገድ ግን በጥርብ ድንጋይ እንደተነጠፈ፣ 24 ጥምዙን ይዞ አለ። መኪና አልተከለከለበትም፤ ቸኩሎ የሚሄድ በዋሻው ስለሚሄድ ግን የሚበዛው ብስክሌተኛ ነው። የድጋፍ ግንቡን እየዳሰስኩ ቆሜ ቀናሁ፤ ሙያው አይለቅም። ጣሊያን አገር ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ የሚወጣው የስቴልቪዮ በር በዓመት ቢያንስ አንድ ቀን ለመኪና ተዘግቶ ለብስክሌት ይለቀቃል። ሁለቱም ጋ ዳገቱን ያቃለለው የለም። መኪናው በየት ይሂድ፣ መቼ ይሂድ ብሎ የወሰነ አካል ግን አለ።

እኛ ዘንድ መንገድ ሲቀና የሚሆነውን አውቀዋለሁ፤ ያኖርኩትን ችካል ተከትሎ ዶዘር ሲሠራ አብሬ ኖሬያለሁ። ጠመዝማዛው ተቆርጦ አዲሱ ሲዘረጋ፣ አሮጌው ቁራጭ ወይ ድንጋዩ ይወሰዳል፣ ወይ አፈር ይደፋበታል። ያ ቁራጭ እኮ ተዳፋቱ ተስተካክሎ፣ ቱቦው ተቀብሮ ያለቀ መንገድ ነው። በሁለቱ ጫፍ መኪና የማያሳልፍ ድንጋይ ተክሎ ለእግረኛ፣ ለከብትና ለብስክሌት መተው የሚጠይቀው አንድ ቀን ሥራ ነው። ወደፊት የሚቀኑት ላይ ይህ በውሉ ውስጥ ቢገባ እላለሁ።

ለአሁኑ ግን የምጠይቀው ከዚህም ያነሰ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የከተማውን መሐል ጎዳናዎች ለሰዓታት ከመኪና ነፃ ሲያደርግ አይተናል። ያንኑ ወደ ዳገቱ ይውሰዱልን። በወር አንድ እሑድ፣ ከንጋቱ 12 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለው መንገድ ለመኪና ይዘጋ። ቅዳሴ የሚሄዱ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች እንዳይቸገሩ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ አውቶቡስ ይመላለስ፤ አምቡላንስም አይከልከል። የዓመት በዓልና የንግሥ ቀን ከሆነ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይዛወር። የፓርኩ ጎብኚ ከ3 ሰዓት በኋላ ቢወጣ የሚቀርበት ነገር የለም።

ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለከተማው ትራንስፖርት ቢሮ አቅርቦ መልሱን እንዲያወጣልን እለምናለሁ። የዚያን ዳገት ተዳፋትና ስፋት ክፍል በክፍል ለክቼ ያስቀመጥኩት ሠንጠረዥ አለኝ፤ መኪና በየት ታጥፎ እንደሚመለስም ምልክት አድርጌበታለሁ። ካስፈለገ ቅጂውን ዝግጅት ክፍላችሁ ድረስ አመጣዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው ቀያሽ፣ ከግንፍሌ፣ አዲስ አበባ