ከሊዮን፣ በእረፍት ቀኔ

ሊዮን፣ እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽልኝ?

ከመስከረም ወዲህ ድምፄ ሲጠፋብሽ ምን አልሽ ይሆን? «ፈረንሳይ ገብታ ኮራች» ብለሽ እንደማታሚኝ አውቃለሁ። ሰፈሩ ግን ሳይል አይቀርም። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ስንገዳገድ እውላለሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ስወድቅ አማርኛውም አብሮ ይደክመኛል። «ሰላም ነሽ?» ብዬ እጽፍልሽና ሳልልከው እንቅልፍ ይወስደኛል። አሁን ነፍስ ዘርቻለሁ፤ ላውራሽ።

ያለሁት ክሯ-ሩስ የሚባል ዳገት ላይ ነው። የእንጦጦን ዳገት የለመደ እግር አይፈራውም። የምጠብቃቸው ልጆች ሁለት ናቸው፤ ወንዱ ስምንት፣ ሴቷ አራት ዓመቷ። ጠዋት ሁለት ተኩል ትምህርት ቤት አደርሳቸዋለሁ፣ አስር ተኩል ላይ እቀበላቸዋለሁ። በር ላይ ዳቦና ቸኮሌት ይዤ ካልጠበቅኋቸው ወዮልኝ! እዚህ መክሰስ ቀልድ አይደለም።

የገንዘቡን ነገር አሁኑኑ ልንገርሽና ይለፍልን። የመጣሁት «ኦ ፔር» በሚሉት ቪዛ ነው፤ ሰው ቤት እየኖርሽ፣ ልጅ እየጠበቅሽ ቋንቋ የምትማሪበት። ሕጉ በሳምንት ከ25 ሰዓት በላይ አታሠሯት፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ትረፍ፣ መኝታና ምግብ ከናንተ፣ የኪስ ገንዘቧም በወር ከ320 ዩሮ አይነስ ይላል። ደመወዝ አይደለም፣ የኪስ ገንዘብ ነው። ቪዛውም የአንድ ዓመት ነው፤ አንዴ ይታደሳል፣ በቃ። ስለዚህ «ዩሮ ታፍሳለች» የሚል ካጋጠመሽ አንቺው መልሽልኝ። እኔ እዚህ የምሸምተው ቋንቋውን ነው።

ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ግን የምትሠሪበት ቤት የምታድሪበት ሲሆን ሥራው መቼ እንዳለቀ ማን ያውቃል? ውኃ ልጠጣ ወጥ ቤት ብቅ ስል «እግረ መንገድሽን ካልሲዋን አድርጊላት» ይሉኛል። እሑድ ደግሞ «አስር ደቂቃ ብቻ» ተብዬ ግማሽ ቀኔ ይሄዳል። ይሉኝታዬን ታውቂዋለሽ፤ ጥቅምትን በሙሉ በይሉኝታ ጨረስኩት። በኋላ ሲበዛብኝ ውሉን ይዤ ቁጭ አልኩና ስለ እሑድ አነሳሁ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። አልተቀየሙም! እናትየዋ ወዲያው ሰዓቱን ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። እኔ ስንት ሌሊት የተገላበጥኩበትን ነገር እሷ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጨረሰችው። ለካ ፊቴን አይታ እንድትረዳኝ ነበር ስጠብቅ የከረምኩት።

አሊያንስ አብረን የተማርነው ፈረንሳይኛ ትዝ ይልሻል? ረጋ ብሎ፣ ቃል በቃል የሚነገረው? እዚህ እንደሱ የሚናገር የለም። ግማሹን ይውጡታል። «ዠ ነ ሴ ፓ» ብለን ያጠናነውን «ሼ ፓ» ብለው ይገላግሉታል። ማታ ማታ ኮርስ እሄዳለሁ፣ ዋናዋ አስተማሪዬ ግን ትንሿ ናት። ወንዴና ሴቴውን ባምታታሁ ቁጥር ወገቧን ይዛ ታርመኛለች። ጠረጴዛ ሴት፣ አልጋ ወንድ! «ለምን?» ስላት «እንደዚህ ነዋ!» ትላለች። የኮርሱ መምህርም ከዚህ የተሻለ አልመለሰልኝም።

የማታው ተረት ሌላ ጣጣ ነው። የልጆቹ መጻሕፍት የተጻፉት ሰው በአፉ በማይናገረው የኃላፊ ጊዜ ግስ ነው። እኛ እዚያ ሳንደርስ ነው ያቆምነው። መጀመሪያ ሰሞን ተኩላው ምን እንዳደረገ ሳይገባኝ፣ ድምፄን ብቻ እያስፈራራሁ አነብ ነበር። ትልቁ ነቃብኝና በጆሮዬ «በላት ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከእህቱ ደብቆ ይተረጉምልኛል።

ህዳር 29 ግን አንድ ነገር ሆነ። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 8 መሆኑ ነው፤ የዚህ ከተማ ሰው ማታ መስኮቱ ላይ ሻማ ይደረድራል። አብረን ስናበራ ልጁ ታሪኩን ይነግረኝ ጀመር። በ1852 የእመቤታችን ሐውልት ፉርቪዬር ኮረብታ ላይ ሊመረቅ፣ ቀኑን ማዕበል ሆነ። ማታ ሰማዩ ሲጠራ ሕዝቡ በየመስኮቱ ሻማ አበራ። አንዴም «ምን?» ሳልል እስከ መጨረሻው ገባኝ! ደስታዬን ለማን ልንገር? እሱ እንደሆነ ወሬውን ጨርሶ ቸኮሌት ፍለጋ ሄዷል።

ጾሙን እንዴት አደረግሽው ትይኝ ይሆናል። ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለም፤ ልጆቹ ቤት ይውሉና ክሬፕ ጋግሪልን ይሉኛል። ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፤ እጋግራለሁ፣ አልቀምስም። ይህ ደግሞ ሥጋና ቅቤ የሚመለክበት ከተማ ነው። አባትየው ታምሜ መስሎት ሐኪም ሊጠራልኝ ምንም አልቀረው። የገና ዋዜማ ደግሞ የነሱ የነገሥታት ኬክ ቀን ሆኖ አረፈው። ትንሽ የሸክላ ነገር ውስጡ ይደብቃሉ፤ የደረሰው ይነግሣል። ትንሿ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ቁራሹ ለማን እንደሆነ ትጠራለች። የኔን ሳልነካው ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ገና ጠዋት ስገምጠው ጥርሴ ሸክላው ላይ! ትንሿ የወረቀቱን ዘውድ ራሴ ላይ ካልደፋሁ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ዘውዴን ጭኜ አደረስኳት፤ ሰው ሁሉ እያየኝ።

ሰኔ ላይ ደልፍ ቤ-1 የሚሉት የፈረንሳይኛ ቋንቋ ፈተና አለብኝ። ከ100 ውስጥ 50 ያሳልፋል፣ ግን ከአራቱ ክፍል በአንዱ እንኳ ከ5 በታች ካመጣሽ ወደቅሽ። የሚያስፈራኝ ጽሑፉ ነው።

አንቺስ? ሱቁን ከፈትሽው ወይስ ኪራዩ ገና እያከራከራችሁ ነው? እማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ሁዳዴ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል፤ ምስርና ሽንብራ ጊዮቲዬር ሰፈር ሞልቷል፣ እንደ እማማ ያለ ሽሮ ግን ከየት ይምጣ? ወደዚህ የሚመጣ ሰው ከሰማሽ አንድ ኪሎ፣ በርበሬም ትንሽ። ደግሞ አትጻፊልኝ፣ በድምፅ ላኪልኝ፤ ረዘም አድርገሽ።

እህትሽ