ግልጽ ደብዳቤ፦ «ተፈላጊ ትምህርት፦ ሕግ ብቻ» ብለው ለፈረሙት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

በመዝገብ ቤት በኩል የገቡት አቤቱታዎች መልስ ስላጡ ይኸው በአደባባይ እንነጋገር። ደብረ ብርሃን ላይ በለጠፋችሁት ማስታወቂያ የአእምሯዊ ንብረት ባለሙያ መደብ ለሕግ ምሩቃን ብቻ ነው። በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ያላት፣ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሰነድ ማርቀቅ የሠለጠነች አመልካች ማስረጃዋ ሳይታይ «አይመለከትሽም» ተብላ ከምዝገባው መስኮት ተመልሳለች።

ስለ ፈጠራ ጥበቃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለእርስዎ ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛል። ፈጠራው አዲስ መሆኑን፣ ለሙያው ሰው ግልጽ አለመሆኑን ማሳየት ግድ ነው። የኬሚስትሪ ፋይል ሲሆን ይህን ማን ያሳያል?

ከመንዝ በግ ሱፍ እጥበት ውሃ ላኖሊን (የሱፍ ቅባት) ያወጡት ወጣቶች ፋይል ምን እንደገጠመው ያውቃሉ፤ የተረቀቀው እርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። ጥበቃ የተጠየቀበት ወሰን «ሱፉን በሙቅ ውሃና በሶዳ አጥቦ ቅባቱን መለየት» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ እንከን አይወጣለትም፤ ችግሩ ይህን ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራው መኖሩ ነው። አዲስ ነገር ካለ ያለው ቁጥሩ ውስጥ ነበር። ውሃው ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ ከወረደ ቅባቱ በደንብ አይቀልጥም፤ ሶዳ በዝቶበት ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ሱፉ ቢጫ ይሆናል፣ ጥንካሬውንም ያጣል። ኬሚስት ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ በሊትር ስንት ግራም ሶዳ? በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ደቂቃ? ቅባቱ የተለየው በአሲድ ነው ወይስ በማሽን ተሽከርክሮ? ከወሰኑ ውጭ ታጥቦ የተበላሸ ናሙናስ ለማነጻጸሪያ ተይዟል? አንዱም አልተጻፈም። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ደግሞ ያልነበረ ቁጥር መጨመር አይቻልም።

እንደገና ማመልከትም አይችሉም፤ በእናንተው ግፊት ሥራቸውን ባዛር ላይ አሳይተውታል። ባለቤቱ ራሱ ለሕዝብ ካሳየ በኋላ ሕጉ የሚታገሠው 12 ወር ነው፤ እሱም ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ አለፈ። (አሠራሩን እዚህ መጻፌ አያስደንግጥዎ፤ ከእንግዲህ የማንም ነው።)

ምንጃር ጤፍ አብቃይ ነው፣ የጤፉን ጉዳይ አልሰማሁም አይሉም። የኔዘርላንዱ ኩባንያ ያስያዘው የጤፍ ዱቄት ፓተንት ዋና ነጥብ የላቦራቶሪ ቁጥር ነበር። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ በፈላ ውሃ ውስጥ እየሞቀ መቀላቀያው እስኪሰምጥ የሚወስደው ጊዜ በሰከንድ ይለካል፤ ቁጥሩ ቢያንስ 250 ይሁን ይላል። ስታርች የሚሰብረው ኢንዛይም ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የኔዘርላንዱን ፓተንት የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ውድቅ አደረገው። እንዲህ ያለ ወረቀት ነገ ጠረጴዛዎ ላይ ቢመጣ ማን ያነበዋል?

አሜሪካ ውስጥ በፓተንት ቢሮ ፊት ለመቆም የሚሰጠውን ፈተና ኬሚስት ያለ ሕግ ዲግሪ ይፈተናል፤ የሳይንስ ወይም የቴክኒክ ትምህርት የሌለው ጠበቃ ግን አይፈቀድለትም። የአውሮፓውም ፈተና መነሻው የሳይንስ ወይም የምህንድስና ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ገደማ በባለሙያ ሥር ልምምድ። እናንተ ግን ገልብጣችሁታል። የሕግ ባለሙያ አያስፈልግም ያለ የለም፤ ለክርክሩና ለውሉ እሱ ይቅረብ።

ማስታወቂያው ላይ «ኬሚስትሪ ወይም ተዛማጅ ሳይንስ» የሚል ይጨመርበት፣ ምዝገባው ይከፈት፣ የተመለሰችው አመልካችም ትጠራ። ይህ አይሆንም ካሉ የተከለከለበትን አንቀጽ ጠቅሰው፣ ፈርመውና ማኅተም አሳርፈው በጽሑፍ ይስጡን።