ለፓይተን ጀማሪዎች ቡድን አባላት፦ የቅዳሜው ልምምድ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት በተለመደው የቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ተገናኝተን፣ በፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው በፓይተን፣ ተጠቃሚ የሚያስገባቸውን ቃላት ፕሮግራሙ ሳይቋረጥ እንዴት እንደምንፈትሽ እንሠራለን።

ከላካችሁት የቤት ሥራ ብዙው የሚቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ተጠቃሚው ምንም ሳይጽፍ ኢንተር ሲጫን። ባዶ መስመር በ‹ስፕሊት› (መስመርን ወደ ቃላት በሚከፍለው ትእዛዝ) ሲከፈል የሚገኘው ባዶ ሊስት (ዝርዝር) ስለሆነ፣ 0ኛውን ማለትም የመጀመሪያውን ቃል መጠየቅ ወዲያው ‹ኢንዴክስ ኤረር› (የሌለ ቦታ የመጠየቅ ስህተት) ያመጣል። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር፣ ሦስት ቃል ሲጻፍም የመጨረሻው ቃል ቁጥር 2 እንጂ 3 አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ በ‹ለን› (ብዛት በሚቆጥረው) የቃላቱን ብዛት፣ ከዚያ ቃሉን እንፈትሻለን። ሁለቱን ፍተሻዎች በ‹ኤንድ› (‹እና›) ስታያይዙ የብዛቱ ፍተሻ ይቅደም፤ እሱ ሐሰት ከሆነ ፓይተን ቀጣዩን አያየውም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን ፍተሻው ራሱ ስህተቱን ይጠራዋል። ቃሉ በሊስቱ ውስጥ መኖሩን ብቻ ለማወቅ ‹ኢን› (‹ውስጥ›) ይበቃል። ሁሉን በ‹ትራይ› (ስህተት ሲፈጠር ፕሮግራሙ እንዳይቋረጥ በሚያደርገው) መሸፈኑ ለጊዜው ይቆየን፤ መጀመሪያ ምክንያቱን በደንብ እንረዳው።

ላፕቶፓችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ የቤት ሥራ ኮዳችሁንም ይዛችሁ ኑ። ላፕቶፕ የሌላችሁ ከጓደኛ ጋር ስለምናጣምራችሁ እባካችሁ አትቅሩ። መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።