«እውነት ቢሆንስ?» ላልከኝ

ልጄ፣

ትናንት ማታ የላክህልኝን፣ ያ ነቢይ ነኝ ባይ ሰባኪ «እስከ እሁድ» እያለ በፍርድ የሚያስፈራራበትን ቪዲዮ አየሁት። ሁለቴ አየሁት። መጀመሪያ ሰውዬው የሚለውን ለመስማት፣ ቀጥሎ አንተን ምኑ እንዳስደነገጠህ ለመረዳት። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሰውዬው አይደለም። ከሥሩ የጻፍካት ነገር ናት፦ «እማ፣ እውነት ቢሆንስ?»

ልደውልልህ ነበር። ግን ታውቀኛለህ፣ በስልክ ከሆነ ወይ እቆጣለሁ ወይ አለቅሳለሁ። ሁለቱም አይጠቅምህም። ቁጭ ብዬ ብጽፍልህ ይሻላል።

አልሳቅኩብህም። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። ለመሳቅ አፍ የለኝም፤ ምክንያቱን ግን ነግሬህ አላውቅም።

በአንተ ዕድሜ ሳለሁ አንድ አስተማሪ እከተል ነበር። ማን እንደነበር አልነግርህም፤ ዛሬ ምንም አይፈይድም። ሲያስተምር ደስ ይል ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምርና ሁላችንም ወደፊት ጠጋ እስክንል ይጠብቃል። ከዚያ ስለ መጨረሻው ቀን ይነግረናል። ዓመቱ ሳያልቅ ጌታ ይመጣል አለን። ትምህርት፣ ትዳር፣ እቅድ የሚባል ነገር ሁሉ «የዓለም ወጥመድ» ሆነ። እኔም ልመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ትምህርቴን ተውኩት። ተውኩት ብቻ ሳይሆን የቅርብ ጓደኛዬንም አስተውኳት። ዓመቱ አለቀ። ሌላው ገባ። እኔ በኋላ ተመልሼ ጨረስኩ፤ እሷ ግን በዚያው ቀረች።

ትምህርቱን የምጽፍበት ሰማያዊ ደብተር ነበረኝ። ጥቅሶቹን በቀይ አሰምርባቸዋለሁ። አንድ ማታ አያትህ ክፍሌ ገቡ። አልተቆጡኝም። ደብተሩን አገላበጡና አንዱ ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» ይላል፤ ሁለቴ የተሰመረበት ነው። አስተማሪያችን ጥያቄ በተነሣ ቁጥር የሚመዛት ጥቅስ ነበረች። «በይ እስቲ፣ ይቺን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ» አሉኝ።

መዝሙር 105 ነው። እስከዚያ ማታ ድረስ ቁጥር 15ን ብቻ ነበር የማውቀው። ከቁጥር 12 ስጀምር ወሬው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ሆኖ አገኘሁት። ቁጥራቸው ጥቂት፣ የራሳቸው አገር የሌላቸው፣ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚንከራተቱ ሰዎች ናቸው። እግዚአብሔር «አትንኳቸው» ያለው ነገሥታትን ነው። ንጉሡ አቢሜሌክ ሣራን ወስዶ በሕልም የተገሠጸበትን ታሪክ ታስታውሳለህ፣ ዘፍጥረት 20 ላይ። ጥቅሱ ጉልበተኛ ደካማውን እንዳይነካ የተነገረ ነው። እኛ ጋ ግን ማይክ የያዘው ሰው ከእኛ ጥያቄ መከለያ አደረገው። ጭራሽ ተገልብጧል።

አያትህ ምንም አልጨመሩም። «እንግዲህ ሌሎቹንም እንዲሁ አንብቢያቸው» ብለው ወጡ። ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩ። ከተሰመረባቸው ጥቅሶች ከላይ ተነብቦ የጸናው ጥቂቱ ነው።

ልብ በል፣ ጥያቄ መጠየቅ ዓመፅ ቢሆን ኖሮ የቤርያ ሰዎች አይመሰገኑም ነበር። ያስተማራቸው ጳውሎስ ራሱ ነው። እነሱ ግን የሰሙትን ዕለት ዕለት ከመጻሕፍት ጋር ያመሳክሩ ነበር። ሉቃስ «ልበ ሰፊዎች» አላቸው፣ ሐዋርያት ሥራ 17 ላይ። ጳውሎስም አንጾኪያ ላይ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል። ሐዋርያ ሐዋርያን! ታዲያ የአንተ ሰውዬ ከጴጥሮስ በላይ ነው?

ወደ ቪዲዮው ልምጣ። «እስከ እሁድ» የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳለው አስተውለሃል? እኔ ቆጥሬያለሁ፣ አምስት ጊዜ። እስከ እሁድ ያልዘራ፣ ማለትም ገንዘብ ያልሰጠ፣ በረከቱ ያልፈዋል። እስከ እሁድ ያልተለየ ከዓለም ጋር ይፈረድበታል። ከታች ደግሞ የአካውንት ቁጥሩ እየሮጠ ያልፋል። ልጄ፣ እኔ ያኔ ያላወቅኩትና ዛሬ ወዲያው የማየው ነገር ቢኖር ይሄ ጥድፊያ ነው።

ወንጌልም እኮ «ዛሬ» ይላል። ሐቁን እንናገር፣ «ዛሬ ድምፁን ብትሰሙ ልባችሁን እልከኛ አታድርጉ» ተብሏል። ግን ወንጌል የሚያጣድፍህ ወዴት ነው? ወደ ንስሐ ነው። መባህን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይልሃል፣ ማቴዎስ 5። እየው እንግዲህ፣ ስጦታው ይቆይ፣ እርቁ ይቅደም ነው የሚለው። የአንተ ሰውዬ የሚያጣድፈው ስጦታውን ነው።

ቀን የሚቆርጥ ሰው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ገበሬ ዊልያም ሚለር ከትንቢተ ዳንኤል 8 አስልቶ ጌታ በ1843 ገደማ ይመጣል አለ። ተከታዮቹ በኋላ ኦክቶበር 22 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ብለው ቆረጡት። ቀኑ መጣ፣ ሄደ። ሰዎቹ ሲያለቅሱ አደሩ። «ታላቁ ተስፋ መቁረጥ» ተባለ። ሚለርን ግን ተኩላ ለማለት ይከብደኛል። ተሳስቻለሁ ብሎ በራሱ እጅ ጽፏል፤ የተሳሳተ ሁሉ አታላይ አይደለም። ሃሮልድ ካምፒንግ የሚባለው የሬዲዮ ሰባኪ ደግሞ መጀመሪያ 1994 አለ፤ አልሆነም። ቀጥሎ ሜይ 21 ቀን 2011 አለ። ያጠራቀሙትን ለማስታወቂያ ያፈሰሱለት ሰዎች ነበሩ። ቀኑ ሲያልፍ ወደ ኦክቶበር አሸጋገረው። በመጨረሻ እሱም ተሳስቻለሁ አለ፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም።

እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። በ1978 እ.ኤ.አ. ጉያና ውስጥ ጂም ጆንስ የሚባል ሰባኪን የተከተሉ ከ900 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን አለቁ፤ ሲሶ ያህሉ ልጆች ነበሩ። በ2023 ደግሞ ኬንያ፣ ሻካሆላ ጫካ ውስጥ፣ ጌታን ለመገናኘት ብለው እስከ ሞት የጾሙ ሰዎች መቃብር ተገኘ። ከ400 በላይ አስከሬን ወጣ። ይህን ስጽፍልህ እጄ ይንቀጠቀጣል። እኔንም ያኔ ጹሚ ቢሉኝ እጾም ነበር።

ጌታ ስለዚያ ቀን የተናገረው ግልጽ ነው። ከአብ በቀር ማንም አያውቅም፣ የሰማይ መላእክትም ቢሆኑ። ማቴዎስ 24፥36። መላእክት ያላወቁትን ማን ሹክ አለው?

አውቃለሁ፣ አሁን ምን እንደምትለኝ። «ግን እማ፣ የተናገረው ደርሷል። የሰዎችን ስም ሳይጠይቅ ይጠራል። ሕመምተኛ ተፈውሷል።» እሺ፣ ሆነ እንበል። ዘዳግም 13ን ክፈት። ነቢይ ተነሥቶ ምልክት ቢሰጥ፣ ምልክቱም ቢደርስ፣ ግን ወደ ሌላ አምላክ ቢወስድህ አትስማው ይላል። ምልክቱ ቢደርስም እንኳ! የማቴዎስ 7 ደግሞ ይብሳል። በዚያ ቀን ብዙዎች ይመጣሉ። ጌታ ሆይ፣ በስምህ ትንቢት አልተናገርንምን? አጋንንት አላወጣንምን? ተአምር አላደረግንምን? ይላሉ። ጌታ አላደረጋችሁም አይላቸውም። «ከቶ አላወቅኋችሁም» ነው የሚላቸው። ሰዎቹ የመድረክ ሰዎች ናቸው፤ ከፊት የሚቀመጡ፣ ስማቸው የሚጠራ። ይቺን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል።

ከዚያ በፊት ያለው ቃል «ከፍሬያቸው ታውቋቸዋላችሁ» ነው። ፍሬ ደግሞ በአንድ እሁድ አይበስልም። ሰውዬውን በደንብ አይተኸዋል? ማይክ ሲጠፋ ምን ዓይነት ነው? ሲሳሳት ይቅርታ ይጠይቃል? የሚከተሉት ሰዎች እየዋሉ እያደሩ ደጎች እየሆኑ ነው ወይስ ፈሪዎች? በቪዲዮ ይሄን ማየት አትችልም።

የጥንት ክርስቲያኖችም ይሄው ጭንቀት ነበረባቸው። ዲዳኬ የሚባል በጣም ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን መመሪያ አለ። ተዘዋዋሪ አስተማሪ ሲመጣ እንደ ጌታ ተቀበሉት ይላል። አንድ ቀን ይደር፣ ካስፈለገም ሁለት። ሦስት ከሆነ ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ሲሄድ ለመንገዱ እንጀራ ስጡት፤ ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነቢይ ነው። በመንፈስ ሆኜ ነው፣ ገንዘብ ስጡኝ ካለም አትስሙት። ለሌሎች ችግረኞች ከሆነ ግን ማንም አይፍረድበት። እንዴት ያለ ጤነኛ አእምሮ ነው! አይንቁትም፣ አይሰግዱለትምም። ዝም ብለው ያዩታል።

አሁን ወደ ፍርዱ። አንተን ያስፈራህ እሱ ነውና።

ሐሰተኛ አስተማሪዎች ፍርድን በሌላው ላይ የሚወረወር ድንጋይ ያደርጉታል። መጽሐፉ ግን መጀመሪያ የሚያነጣጥረው በራሳቸው ላይ ነው። ያዕቆብ «ከእናንተ ብዙዎቹ አስተማሪዎች አይሁኑ» ይላል፤ ምክንያቱም አስተማሪ የባሰ ፍርድ ይቀበላል። ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ ስለነዚህ ሰዎች ሲጽፍ በገንዘብ ፍቅር፣ በፈጠራ ወሬ እንደሚነግዱብን ይናገርና ጥፋታቸው አያንቀላፋም ይላል። ይሁዳ ደግሞ 25 ቁጥር ብቻ ባላት አጭር መልእክቱ ያወርድባቸዋል። ውኃ የሌላቸው ደመናዎች፣ ፍሬ የሌላቸው ዛፎች፣ ራሳቸውን የሚያሰማሩ እረኞች ናቸው። ሄኖክንም ይጠቅስባቸዋል፤ ሙሉ መጽሐፉ በግዕዝ የቆየልንን ያንን ሄኖክ። ደመናው ይገርመኛል። ሰማዩን ያጠቁረዋል፣ ያጓራል፣ ሁሉም ቀና ይላል፣ ከዚያ ጠብታ የለም።

ግን ጴጥሮስን ከላይ ጀምረህ አንብበው። ምሳሌዎቹ የበደሉት መላእክት፣ የጥፋት ውኃ፣ ሰዶምና ገሞራ ናቸው። አስፈሪ ናቸው። ነገር ግን በውኃው ውስጥ ኖኅ ከሌሎች ሰባት ጋር ድኗል። ከሰዶም ሎጥ ወጥቷል። ጴጥሮስም የሚደመድመው ጌታ እግዚአብሔርን የሚፈሩትን ከፈተና ማዳን ያውቃል ብሎ ነው። የአንተ ሰውዬ ውኃውን ነገረህ እንጂ መርከቡን አልነገረህም። ቢነግርህም መግቢያው በእሱ አካውንት በኩል ነው።

ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ ለምን እንደዘገየ ይናገራል። ጌታ አልዘገየም፤ ማንም እንዳይጠፋ ወዶ ይታገሣል ይላል። ቀኑ ይመጣል፣ እንደ ሌባ ይመጣል፣ እኔ አልጠራጠርም። ግን የቀኑ ጌታ ታጋሽ ነው። አጣዳፊው ሌላ ነው።

እኔንም የሚያሳስበኝ ፍርድ አለ። የያዕቆብን ቃል ሳነብ የአስተማሪዬ ፊት አይመጣብኝም፤ የጓደኛዬ ፊት ነው የሚመጣብኝ። እኔም አስተማርኳት እኮ። ሲመሽ ሰማያዊውን ደብተር ይዤ እሷ ዘንድ እሄድ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ፈልጌ አገኘኋት፣ ይቅርታ ጠየቅኳት። «አንቺም ተታለሽ እኮ ነው» አለችኝ። እንዲህ ስትል ፊቷ ላይ ምንም ቂም የለም። እሱ የባሰ አስለቀሰኝ። ስለዚህ ይሄን ቪዲዮ ለሌላ ሰው ልከህ እንደሆነ ንገረኝ። ልከህ ከሆነም ዛሬውኑ ደውልላቸው። በዚህስ ተጣደፍ።

ሰውዬውን ደግሞ እንዳትሰድበው። ከሥሩ ገብተህ አስተያየት እንዳትጽፍ። እንክርዳዱን እንንቀለው ሲሉት ጌታ ስንዴውንም እንዳትነቅሉት ተዉት፣ እስከ መከር አብረው ይደጉ ብሏል። ይሁዳም ያን ሁሉ ካወረደ በኋላ መጨረሻው ላይ ለሚጠራጠሩት ራሩላቸው ይላል። ዛሬ የሚጠራጠረው አንተ ነህ፣ ስለዚህ እኔ እራራልሃለሁ።

የዚያ ቀን ፈራጅ ምን እንደሚጠይቅ ማቴዎስ 25 ላይ አለ። ተርቤ ነበር፣ ተጠምቼ ነበር፣ እንግዳ ነበርኩ፣ ታርዤ፣ ታምሜ፣ ታስሬ ነበር ይላል። ቀኑን አውቀህ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ የለም። የሚገርመው ደግሞ ጻድቃኑም «መቼ አየንህ?» ይላሉ። ሲያበሉ የሚያበሉት እሱን መሆኑን አላወቁም። ለበረከት የዘሩ አይመስሉም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው ሥልጣኑን ያቆመው በአሞጽ 3፥7 ነው፤ እግዚአብሔር ምስጢሩን ለነቢያቱ ሳይገልጥ ምንም አያደርግም በሚለው። ከምዕራፍ 2 ቁጥር 6 ጀምረህ አንብበው። አሞጽ እዚያ የተቆጣው በማን ላይ እንደሆነ ተመልከት። ድሃውን ስለ አንድ ጥንድ ጫማ ሸጡት የሚለው ጋ ስትደርስ ደውልልኝ። አልተኛም፣ እጠብቅሃለሁ።

እናትህ