ርካሹን ይዘሽ ከመገላገልሽ በፊት

እንዴት ነሽልኝ፣ እህት ዓለም?

ጠፋሁብሽ አይደል? ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ከረምኩ። ሰበብ ብደረድር እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን እውነተኛ ምክንያት ነበረኝ፤ የምጽፍበት እጄ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ስንፍናና ሀፍረት ነው። ዝምታ ሲቆይ ደግሞ መስበሩ ይከብዳል።

ሰሞኑን «እማማን ይዤ ወንድሜን ልጠይቅ ውጭ አገር ልሄድ ነው፤ የጉዞ ኢንሹራንሱ ነገር ግራ አጋባኝ፤ ርካሹን ይዤ ልገላገል እንዴ?» የሚለው መልእክትሽ ሲደርሰኝ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም ርካሹን ይዤ ተገላግዬ ነበርና።

በጉዞዬ ሦስተኛ ቀን ነው። ዝናብ ያረጠበው የባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ አዳልጦኝ በቀኝ እጄ ወደቅኩ። አንጓዬ ወዲያው አበጠ። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ነርሷ ኢንሹራንስ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ኮራ ብዬ ወረቀቴን በግራ እጄ አወጣሁ። አገላብጣ አየችውና ስልክ ቁጥሩ ላይ ጣቷን አሳርፋ «ደውዪላቸው» አለችኝ። ደወልኩ። የተቀዳ ድምፅ በሥራ ሰዓት መልሼ እንድደውል ነገረኝ። እነሱ ዘንድ ሌሊት ነበር። ምን ላድርግ፣ ከኪሴ ከፍዬ ታከምኩ።

ስመለስ ካሳ ጠየቅኩ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ለሕይወት የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር ከሕክምናው በፊት ማሳወቅ ነበረብሽ፤ ገጽ 11 ላይ ተጽፏል። እውነትም ተጽፏል! እንደ ጉንዳን በደቀቀ ፊደል። በዚያ ላይ ደረሰኜ የራጁን፣ የጄሶውንና የሐኪሙን ክፍያ ለያይቶ አያሳይም። ከስንት ምልልስ በኋላ ግማሹ እንኳ ሳይሞላ ከፈሉኝ።

ስለዚህ ዋጋውን ከማየትሽ በፊት የማይሸፍኗቸውን ነገሮች የዘረዘሩበትን ገጽ ፈልጊ። ንባብሽን ከዚያ ጀምሪ። የሚሸፍኑትማ በትልቁ ተጽፎ ፊት ለፊት ነው ያለው።

በተለይ ለእማማ። ደም ግፊትና ስኳር እንዳለባቸው ነግረሽኛል። አብዛኛው ተራ ውል ከጉዞው በፊት የነበረን ሕመም አይሸፍንም፤ ወይም ተጨማሪ አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍይውን ዋጋ፣ ያስከፍላል። ዋጋ እንዳይጨምርብሽ ብለሽ እንዳትደብቂ፣ አደራ። ካሳ ሲጠየቅ የሕክምና ታሪካቸውን ያስመጣሉ። ያኔ ያልተነገረ ሕመም ከተገኘ ጠቅላላ ውሉን ሊያፈርሱት ይችላሉ። በቅርብ ወራት መድኃኒት ቀይረው እንደሆነም ጠይቂያቸው፤ አንዳንዱ ውል ይህን «ያልተረጋጋ ሕመም» ብሎ ያስቀረዋል። የዕድሜ ጣሪያም አለው፤ ከተወሰነ ዕድሜ በላይ የሽፋኑን መጠን የሚቀንሱ አሉ።

የመጠኑን ነገር ካነሳሁ፣ የሼንገን ቪዛ፣ ማለትም አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት፣ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የሕክምና ሽፋን ይጠይቃል። ብዙ ሰው ይህችን ቁጥር አይቶ ይረካል። ለቪዛው ይበቃል። ቀዶ ሕክምናና የፅኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ አንድ ላይ ከመጡ ግን ቶሎ ታልቃለች። መድረሻችሁ አሜሪካ ከሆነማ ጭራሽ ሌላ ስሌት ነው። ሕክምናው እጅግ ውድ ስለሆነ «ከአሜሪካና ከካናዳ በስተቀር መላው ዓለም» ብለው ለይተው የሚሸጡት ያለምክንያት አይደለም። ክፉ አያሰማን እንጂ፣ በሽተኛን በሐኪም አጅቦ ወደ አገር መመለስ ከከባዶቹ ወጪዎች አንዱ ነው። ይሄ ከሕክምናው ሽፋን ውስጥ ይቆጠር ወይስ ለብቻው የተመደበለት ገንዘብ ይኑር፣ በግልጽ ጠይቂ።

«ኤክሰስ» የሚሉትንም እይ፤ ካሳ ከመክፈላቸው በፊት አንቺ ከኪስሽ የምትችይው ድርሻ ነው። አረቦኑ ሲረክስ ብዙ ጊዜ ይኼኛው ያብጣል። ለእያንዳንዱ ሰው በየአደጋው የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ሁለት ናችሁና አስቢበት።

ወንድምሽ «እኔ ከዚህ እገዛላቸዋለሁ» ብሎሻል አሉ። ደግ ነው፣ ግን ለጎብኚ የተዘጋጀ ውል መሆኑን ያረጋግጥ። ብዙው የጉዞ ውል የሚሸጠው ለዚያው አገር ነዋሪ ነው። ከተነሳችሁ በኋላ የሚሸጥልሽም ብዙ አታገኚም። የሚገዛውም ትኬቱ በተቆረጠበት ሰሞን ቢሆን ይሻላል፤ ጉዞው ሲሰረዝ የሚከፍለው የስረዛ ሽፋን የሚጠቅመው ችግሩ ከመምጣቱ በፊት ሲገዛ ነው። «ሐሳቤን ቀየርኩ» ግን በተራው ውል ምክንያት አይሆንም። በቀኖቹም አትቆጥቢ፤ በረራ ሊዘገይ ስለሚችል ከመመለሻችሁ በኋላ ሁለት ቀን ጨምሪ።

ለሻንጣ ብለሽ ውዱን አትግዢ። በአንድ ዕቃ የሚከፍሉት ጣሪያ አለው፤ ስልክና ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሻንጣው ከአየር መንገዱ ጋር ሳለ ቢጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ዓለም አቀፍ በረራ በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት አየር መንገዱ እስከተወሰነ ጣሪያ ተጠያቂ ነው። ከኤርፖርቱ ሳትወጪ አስመዝግቢ እንጂ «ነገ እመለሳለሁ» አትበይ። በጽሑፍ ለማመልከት ለተጎዳ ሻንጣ 7 ቀን፣ ለዘገየ ደግሞ ከተረከብሽ በኋላ 21 ቀን ነው ያለሽ።

የውሉን ቁጥርና ስልካቸውን በወረቀት ጽፈሽ በእማማም ቦርሳ፣ በአንቺም ቦርሳ አስቀምጪ። የስልክሽ ባትሪ ካለቀ ፎቶው ምንም አይሠራልሽም።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ከመክፈልሽ በፊት የመረጥሻቸውን ሁለት ሦስት ውሎች ላኪልኝ፤ ከነደቃቃው ፊደል። እኔ አነባቸዋለሁ። ስልክ ቁጥራቸውንም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደውዬ እሞክርልሻለሁ። እንቅልፍ እንደሆነ ድሮም አይወደኝም።

እማማን ጉልበት ሳሚልኝ።

ያቺው የጠፋችው ጓደኛሽ