ለወላጆች፦ ቅዳሜ የእንሽላሊቶቹን ቤት እንሠራለን

ሰላም ወላጆች። ልጆቹ ለሚያሳድጓቸው ሁለት ቢርድድ ድራጎኖች ቤትና መብራት ልናዘጋጅ ነው። ቅዳሜ 8 ሰዓት (በሀበሻ አቆጣጠር፣ እንዳንተላለፍ!) ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጆቹ አማርኛ በሚማሩበት ክፍል እንገናኝ።

ሳጥን የምታመጡ፣ ከ4 በ2 ጫማ እንዳያንስ። ክዳኑ የሽቦ ወንፊት ይሁን፤ መስታወት ዩቪቢ የሚባለውን፣ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውን ጨረር ያግደዋል። ይህን ጨረር ካላገኙ የሚበሉት ካልሲየም አይጠቅማቸውም፣ አጥንታቸው ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ ትንሿን ጥምዝ አምፖል ተዉአት፤ ረጅሙን የቲ5 ዩቪቢ ፍሎረሰንት ግዙ። ውድ ነው፣ ግን እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ማሞቂያው አምፖል ከፍሎረሰንቱ ጋር በአንድ በኩል ይሰቀላል። ከሥሩ ያለው ድንጋይ 105 ፋራናይት ገደማ፣ ሌላው ጫፍ ከ75 እስከ 85 ይሁን። ማታ ሁሉም ይጠፋል። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ድንጋይ ግን በጭራሽ አታምጡ፣ ሆዳቸውን ያቃጥላል።

ቴርሞሜትር፣ ታይመር ወይም ዲቫይደር (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ) ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

አንድ የምንወስነው ነገር አለ። ሁለቱም ወንዶች ስለሆኑ አንድ ሳጥን ውስጥ ከሆኑ ይጣላሉ። አንዱ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል፤ ሁለተኛውን ማን ይወስደዋል? እሱንም፣ መምጣት አለመምጣታችሁንም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።